የጳጳሱ አያት በአንድ መዝገብ ጥቁር፣ በሌላው ነጭ

ሜይ 8 ቀን 2025 ሮበርት ፕረቮስት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ተብለው በቫቲካን ሰገነት ላይ ብቅ አሉ። ዓለም የመጀመሪያውን አሜሪካዊ ጳጳስ እያየ ሳለ፣ በሉዊዚያና ግዛት ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ አንድ የቤተሰብ ታሪክ አጥኚ አሮጌ መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። ጃሪ ሆኖራ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። የጳጳሱ የእናት ወላጆች፣ ጆሴፍ ማርቲኔዝና ሉዊዝ ባኪዬ፣ የኒው ኦርሊንስ ክሪዮሎች ነበሩ፣ ከአፍሪካ፣ ከፈረንሳይና ከስፔን ወገን የተደባለቀ ዘር ያላቸው ማለት ነው። የተጋቡትም በ1887 እዚያው ከተማ፣ በአንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጋብቻው መዝገብ ወደ ቆጠራው ሲኬድ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1900 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ጆሴፍ ማርቲኔዝ ሲጋር ሠሪ፣ የትውልድ ቦታቸው ሃይቲ፣ ቀለማቸው ጥቁር ተብሎ ተጽፏል። በ1920 ቤተሰቡ ቺካጎ ነው። እዚያ ያው ሰው ነጭ ናቸው። የትውልድ ቦታቸውም ቢሆን ከወረቀት ወረቀት ይለያያል።

የጳጳሱ ወንድም ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው የአያቶቻቸው ነገር እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ቤት ውስጥ ግን ስለዚህ ጉዳይ ተወርቶ እንደማያውቅም ተናገሩ። እናታቸው ሚልድረድ የተወለዱት ቤተሰቡ ቺካጎ ከገባ በኋላ ነው። አያቶቹ ኒው ኦርሊንስ የኖሩበት ቤትም በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና ሲሠራ ፈርሷል። ቤቱ የለም፣ ወሬው የለም፣ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው።

ዜናው ሲወጣ ብዙ ሰው የተከራከረው "ታዲያ ጥቁር ናቸው ወይስ ነጭ?" በሚል ነበር። እኔ ይህ ጥያቄ አይማርከኝም። የሚማርከኝ አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ በመንግሥት መዝገብ ሁለት ቀለም እንዴት ሊኖረው እንደቻለ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የራሱን ቤተሰብ መዝገብ ማንበብ ይችላል። ያልተረዳ ግን ያገኘውን የመጀመሪያ ወረቀት አምኖ ይሳሳታል። አሜሪካ ውስጥ ከኢትዮጵያዊና ከሌላ ወገን የሚወለዱ ልጆቻችን እየበዙ ነው። ነገ "ከየት ነኝ?" ብለው መቆፈራቸው አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል።

ቆጣሪው ምን ታዞ ነበር?

የአሜሪካ ቆጠራ ቅጽ ላይ "ቀለም" የሚል ዓምድ ነበረ። ሰው ይህን ዓምድ ሲያይ የቤቱ ባለቤት ተጠይቆ የመለሰው ይመስለዋል። እስከ 1960 ድረስ ግን በአብዛኛው ቆጣሪው በር አንኳኩቶ፣ ፊት አይቶ የመሰለውን ነበር የሚጽፈው። ቤት ውስጥ ሰው ካጣ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤት ደግሞ ዕድሜም፣ የትውልድ አገርም በግምት ይናገራል። መልሱን ማን እንደሰጠ በምልክት የተጻፈው በ1940 ቆጠራ ብቻ ነው። እዚያ ከስም አጠገብ በክብ ውስጥ ያለ የመስቀል ምልክት ካያችሁ፣ የተናገረው እሱ ወይም እሷ ናቸው። ሌሎቹ ዓመታት ላይ ይህ የለም።

ቆጣሪው ያየውን ይጻፍ እንጂ፣ የሚጽፍበትን ቃል የሚሰጠው መንግሥት ነው። ቃሉ ደግሞ በየአሥር ዓመቱ ይቀያየር ነበር። "ሙላቶ" የሚለው በ1850 ገባ። ከነጭና ከጥቁር የተወለደ ማለት ነው። ዛሬ ይህ ቃል ስድብ ነው፣ ሰው ፊት አይጠሩትም። መዝገብ ለሚያነብ ግን ማወቁ ግድ ነው። በ1870 መመሪያው፣ የአፍሪካ ደም ምልክት ትንሽም ብትሆን የታየበት ሰው ሙላቶ እንዲባል አዘዘ። ቆጣሪዎቹ በዚህ ላይ በጣም እንዲጠነቀቁም አስጠነቀቀ። ምክንያቱን ሲያስቀምጥ፣ ትልቅ የሳይንስ ውጤት በዚህ ላይ ይመሠረታል ይላል። ሳይንስ የተባለው የዘመኑ የዘር ትምህርት ነው። ክልሶች ደካማ ናቸው፣ ዘራቸው ቶሎ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ይፈልጉ ነበር።

በ1890 ደግሞ ደም በስፍር ሆነ። ሩብ የጥቁር ደም ያለው "ኳድሩን"፣ አንድ ስምንተኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ያለው "ኦክቶሩን" ተብሎ እንዲለይ ታዘዘ። አንድ ቆጣሪ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሰው ቅድመ አያት ምን እንደነበረች በምን ያውቃል? የዚያ ዓመት ወረቀት አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ተቃጥሎና ተጎድቶ ኋላ ጠፍቷል። የቤተሰብ ታሪክ የሚፈልጉ ሰዎች ዛሬም የሚያዝኑበት ጥፋት ነው። ከ1880 እስከ 1900 ያለው ሃያ ዓመት ባዶ ሆኖ ቀረ።

አሁን የጳጳሱን አያት እንያቸው። በ1900 ቅጽ ላይ ሙላቶ የሚል ምርጫ አልነበረም። ተሰርዟል። ስለዚህ ያ ቆጣሪ አንድን ክሪዮል ሲያይ ነጭ ወይም ጥቁር ከማለት ሌላ ብዙም አማራጭ አልነበረውም። በ1910 እና በ1920 ሙላቶ ተመለሰ። በ1930 እንደገና ወጣ፣ በምትኩ አንዲት ጠብታ የጥቁር ደም ያለበት ሁሉ ጥቁር ተብሎ እንዲጻፍ ተደነገገ። እንግዲህ አንድ ሰው በ1880 ሙላቶ፣ በ1900 ጥቁር፣ በ1910 ሙላቶ፣ በ1930 ጥቁር ሊባል ይችላል። ማንም ሳይዋሽ፣ እሱም ከበሩ ሳይነቃነቅ ማለት ነው።

የቺካጎው "ነጭ" ግን ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ የገባው የሰው ውሳኔም ሊሆን ይችላል።

ኒው ኦርሊንስን ያላወቀ

ኒው ኦርሊንስ የፈረንሳይና የስፔን ቅኝ ግዛት የነበረች ከተማ ናት። ከባርነት ነፃ የሆኑ፣ ቤትና ንግድ ያላቸው፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ክልሶች ከድሮ ጀምሮ ነበሩባት። በ1809 እና በ1810 ደግሞ ከሃይቲ አብዮት ሸሽተው ኩባ የቆዩ ከ9,000 በላይ ሰዎች ገቡባት። የከተማዋ ሕዝብ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከገቡት አንድ ሦስተኛው ያህል ነፃ ክልሶች ነበሩ። ብዙ የኒው ኦርሊንስ ቤተሰብ ዛሬም ዘሩን ሲቆጥር ሃይቲ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የጳጳሱ አያት ወረቀት ላይ "ሃይቲ" የሚለው ቃል መገኘቱም እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዘር ፈላጊ ይህች ከተማ በረከት ናት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ይዛለች። በፈረንሳይና በስፔን ልማድ ደግሞ ሴት ስትጋባ የአባቷ ስም መዝገቡ ላይ ይቀራል። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በሌሎቹ ግዛቶች የፈለገ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ሴት ባል ካገባች በኋላ በባሏ ስም ስለምትጠራ ከወረቀት ላይ ትጠፋለች። ሉዊዝ ግን ባኪዬ መሆናቸው ተጽፎ ቀርቷል። ከባኪዬ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። የሄዱ አጥኚዎችም በጳጳሱ ቅድመ አያቶች መካከል በባርነት የኖሩ ሰዎችን አገኙ። ባሪያ የነበራቸውንም አገኙ፣ ከእነዚህ ውስጥ ራሳቸው ክልስ የነበሩ አሉ። ዘር የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ለመስማትም ልቡን ማዘጋጀት አለበት።

መዝገቦቹ ላይ ሕጉም አሻራውን ትቷል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለረጅም ዘመን ለነጮች አንድ መጽሐፍ፣ ለባሮችና ለነፃ ክልሶች ሌላ መጽሐፍ ትይዝ ነበር። ነፃ ክልስ ከሆነ ከስሙ ኋላ ምልክት ይደረግበታል። አንድን ስም በአንዱ መጽሐፍ ያጣ ሰው ሁለተኛውን ሳይከፍት "የለም" ማለት የለበትም።

የጋብቻ ሕጉም እንዲሁ ወጥቶ ወርዷል። ሉዊዚያና የነጭና የጥቁር ጋብቻን ስትከለክል ቆይታ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1870 ክልከላውን አነሳች። በ1894 መለሰችው። በመሃል ያለው 24 ዓመት እንደ ክፍት መስኮት ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት ዓመታት ላይ የጋብቻ ወረቀት ስላልተገኘ ብቻ ሰዎቹ ቤተሰብ አልነበሩም ማለት አይቻልም። ሕጉ ከልክሏቸው፣ ልጅ ወልደው፣ አብረው አርጅተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በኑዛዜ ውስጥ ፈልጉት። በቤት ሽያጭ ውል ውስጥ ፈልጉት። ኒው ኦርሊንስ የድሮ ውልና ማስረጃ ሰነዶቿን በአንድ ቤተ መዛግብት አስቀምጣለች፣ ብዙ ያልተጋቡ አባቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ንብረት እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ማርቲኔዝና ባኪዬ ከተጋቡ አምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ከተማ የሚኖር ሆመር ፕሌሲ የሚባል ክሪዮል ለነጮች በተለየ የባቡር ፉርጎ ተሳፈረ። መልኩ ነጭ ነበር። ከስምንት ቅድመ አያቶቹ አንዷ ጥቁር ነበረች። ታሰረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1896 ተሸነፈ፣ ጥቁርና ነጭን መለየት ሕጋዊ ነው ተባለ። እንግዲህ ማርቲኔዝ ልጆች ያሳደጉት በዚያ ከተማ ነው። በባቡር የት እንደሚቀመጡ፣ ልጅ የት እንደሚማር፣ ቤት የት እንደሚከራዩ ሁሉ በዚያች አንዲት ዓምድ ይወሰናል። እሳቸውና ባለቤታቸው በ1910ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ሲገቡ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ቆጣሪው ሲመጣ "ነጭ ነን" ብለው ይሁን፣ ወይ ቆጣሪው አይቶ ጽፎ ይሁን፣ ወረቀቱ አይነግረንም። ብለው ቢሆን ግን ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ አልፈርድም። ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ነው የሄዱት።

እንዲህ ቀለም ለውጠው የኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ዋጋም አለው። ጠይም የሆነች እናትን ልጠይቅ ብሎ መሄድ አይቻልም። ወንድም ለወንድሙ ቀብር አይደርስም። የሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ልጆች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከባሪያው ከሳሊ ሄሚንግስ ከወለዳቸው አንዱ፣ ማዲሰን፣ ኦሃዮ ውስጥ ክልስ ሆኖ ኖረ። በ1870 ቤቱ የመጣው ቆጣሪ ከስሙ አጠገብ "ይህ ሰው የቶማስ ጀፈርሰን ልጅ ነው" ብሎ ጽፎለታል። ታናሹ ኤስተን ግን ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ፣ ጀፈርሰን የሚለውን ስም ይዞ፣ ከነልጆቹ ነጭ ሆነ። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በ1998 የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ የጀፈርሰንን ወገን ያገናኘው ከዚህ ከኤስተን ዘር ጋር ነው።

አንዲት ሙሽራ፣ ሁለት ወረቀት

ቀለም ከወረቀት ወረቀት መለዋወጡን ለማየት ሃያ ዓመት መጠበቅ እንኳ አያስፈልግም። ነጩ ሪቻርድ ላቪንግና ክልሷ ሚልድረድ ጂተር ቨርጂኒያ ውስጥ መጋባት ስለማይችሉ በጁን 1958 ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋቡ። የዲሲው የጋብቻ ወረቀት ሚልድረድን "ኢንዲያን" ይላታል፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ማለት ነው። ቨርጂኒያ ሲመለሱ በሌሊት ከአልጋቸው ተነስተው ታሰሩ። የክስ ወረቀቱ ይህችኑ ሴት "ባለ ቀለም" ይላታል፣ የጥቁር ወገን ማለት ነው። በወራት ውስጥ፣ አንዲት ሴት፣ ሁለት ዘር። ጉዳያቸው ጁን 12 ቀን 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፈ፣ ያኔ 16 ግዛቶች ላይ የቀረው ክልከላም በዚያው ቀን ወደቀ።

ከዚህ ታሪክ ለፈላጊ የሚጠቅም ነገር አለ። ቤተሰቡ የኖረበት ግዛት ላይ የጋብቻ ወረቀት ካጣችሁ ድንበር ተሻገሩ። ዲሲን እዩ፣ ፔንሲልቬንያን እዩ። መጋባት የፈለገ ሰው መንገድ ያቋርጣል።

ቨርጂኒያ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ዋልተር ፕሌከር የሚባል ሰው ከ1912 እስከ 1946 የግዛቲቱን የልደትና የጋብቻ መዝገብ ይመራ ነበር። በ1924 ዘርን የሚለይ ጥብቅ ሕግ ወጣ፣ እሱም በዚያ ሕግ ታጥቆ ተነሳ። የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ነን የሚሉ ቤተሰቦችን ወረቀት እያስቀየረ ጥቁር አሰኛቸው። ልጆቻቸው ዛሬም የአያቶቻቸውን ዘር ለማረጋገጥ ሲሞክሩ የፕሌከር እጅ ይጋረድባቸዋል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ላይ ከ1924 በኋላ የተሰጠን ወረቀት ብቻ ይዞ መደምደም አይቻልም። ከዚያ በፊት የተጻፈውን መፈለግ ያስፈልጋል።

የ1870 ግድግዳ

ጥቁር አሜሪካዊ ወገን ያለው ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ 1870 ላይ ይቆማል። ባሪያ የነበሩት ሚሊዮኖች በሙሉ ስማቸው በመንግሥት ቆጠራ የተጻፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዓመት ነውና። በ1850 እና በ1860 ለባሮች የተለየ ቅጽ ነበር። በላዩ ላይ የባለቤቱ ስም አለ። ከሥር ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀለም። ስም የለም። "የ23 ዓመት ሴት፣ ሙላቶ" ይልና ያልፋል። አንዲት ሙሉ ሰው በአንድ መስመር።

ግድግዳው ግን ቀዳዳ አለው። ጦርነቱ ሲያበቃ ነፃ የወጡትን የሚረዳ የመንግሥት ቢሮ ተቋቁሞ እስከ 1872 ሠርቷል። ነፃ የወጡ ባልና ሚስት ትዳራቸውን በሕግ ለማጽናት ወደ እሱ ሰዎች ይሄዱ ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ በዚያ ዘመን የተያዙት መዝገቦች የሚገርሙ ናቸው። የባልና የሚስት ቀለም አለ። የአባታቸውና የእናታቸው ቀለምም አለ። ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው ጋር ኖረው ከሆነ ስንት ዓመት እንደኖሩ፣ በምን እንደተለያዩ ተጽፏል። "በሞት" የሚል አለ። "በኃይል ተለያይተን" የሚልም አለ፣ አንዱ ተሽጦ ማለት ነው። አባቱ ነጭ መሆኑ ሌላ ቦታ ያልተጻፈለት ሰው እዚህ ተጽፎለት ሊገኝ ይችላል። እነዚህ መዝገቦች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ላይም በነፃ ይነበባሉ።

በተግባር እንዴት ይነበብ?

እኔ የምመክረው የቀለሙን ዓምድ በእጅ ሸፍኖ መጀመር ነው። ሌሎቹን ዓምዶች ተከተሉ። የሰውየው ሥራ ምንድን ነው? ሲጋር ሠሪ በ1900 ከነበረ፣ በሌላ ዓመት ያለው ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ምን ይሠራል? የ1900 ቆጠራ የተወለደበትን ወርና ዓመት፣ ስንት ዓመት በትዳር እንደኖረ፣ እናቲቱ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይነግራችኋል። ይህ ወርቅ ነው። "13 ዓመት በትዳር" ካለ፣ የጋብቻ ወረቀቱን በ1887 አካባቢ ፈልጉ ማለት ነው።

ጎረቤትም እዩ። ገጹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ሁለት ግለጡ። ሰው ከዘመዱ አጠገብ ይኖራል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሰደድም ከአገሩ ልጆች ጋር ይሄዳል። እኛ ስንሰደድ የምናደርገው ይኸው አይደል? የጋብቻ ምስክሮችንና የክርስትና አባቶችን ስም ጻፉ። ምስክር የሚሆነው ብዙ ጊዜ አጎት ወይም አማች ነው። ቤተሰቡ ቀለም ለውጦ ስም ቢያሳጥር እንኳ ምስክሮቹ ያጋልጡታል።

የስም አጻጻፍ ደግሞ ሰፊ ነው። የፈረንሳይኛ ስም እንግሊዝኛ ብቻ በሚያውቅ ቆጣሪ ጆሮ ሲያልፍ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ "አልተገኘም" ሲላችሁ አትመኑት። በመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በሰፈር ፈልጉ።

አንድ ወረቀት ደግሞ በቅርጹ ብቻ ይናገራል። በ1917 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመዘገቡ ወንዶች ካርድ ላይ፣ ሰውየው የአፍሪካ ዘር ካለው ጥጉ እንዲቀደድ ታዟል። ስለዚህ ጥጉ የተቀደደ ካርድ ካገኛችሁ፣ መዝጋቢው ምን እንዳየ አወቃችሁ። ከ1936 ወዲህ ያለውን ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ መድን) ማመልከቻ ይሞላዋል። እዚያ የአባትን ስምና የእናትን ከትዳር በፊት የነበረ ስም የሚሞላው አመልካቹ ራሱ ነው።

ዲኤንኤ ይረዳል፣ ግን ስም አይነግርም። የሩቅ ዘመድ ያሳያችኋል፣ ዘመዱን ከመዝገቡ ጋር ማገናኘቱ የእናንተ ሥራ ነው። ሌላም ነገር አለ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ምስጢር አደባባይ አታውጡ። አያታቸው ነጭ መስለው እንደኖሩ የማያውቁ የልጅ ልጆች አሉ። መጀመሪያ ለእነሱ፣ በስልክ፣ በለሆሳስ።

የኛ ወገን ሲሆን

አባቷ ከሉዊዚያና፣ እናቷ ከአዲስ አበባ የሆነች ልጅ እናስብ። በአባቷ በኩል ያለው ወረቀት እስካሁን ያልነው ነው። ቀለም ይበዛበታል። በእናቷ በኩል ግን ሌላ ዓለም ትገባለች። ወረቀት ያንሳል፣ ቃል ይበዛል።

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው። ቆጠራዎቹ፣ የ1984፣ የ1994 እና የ2007ቱ፣ የሚሰጡት ድምር ነው። የአያትን ስም አይሰጡም። በምትኩ ሰባት ቤት መቁጠር ነበረን። ሊጋቡ የታሰቡ ልጆች ዝምድና እንዳይኖራቸው ሽማግሌ ቁጭ ብሎ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ይቆጥራል። ይህ ከማንኛውም የጋብቻ ወረቀት ያልተናነሰ መዝገብ ነው። ችግሩ መዝገቡ ያለው በሰው ራስ ውስጥ መሆኑ ነው።

ልጅቱ እንግዳ የሚሆኑባት ሌሎች ነገሮችም አሉ። የእናቷ "የቤተሰብ ስም" ተብሎ አሜሪካ ወረቀት ላይ የገባው የአያቷ የመጀመሪያ ስም ነው። በዚያ ስም ቅድመ አያት ብትፈልግ አታገኝም፣ ከእሱ በላይ ያለው ሰው የሚጠራው በሌላ ስም ነውና። የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፣ ሰፈር የማያውቀው። ዘመኑ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ስደት ላይ የልደት ቀኑ ያልታወቀ ብዙ ሰው ጃንዋሪ 1 ተወለደ ተብሎ ተጽፏል። እነዚህን አንድ ሰው አሁን በወረቀት ካላሰፈረላት፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጇ እንደ 1870ው ያለ ግድግዳ ይገጥማታል።

ከእኛው ምድር የተነሳ የክልስ መዝገብ ጥያቄም አለ፣ የጣሊያን ዘመን። በ1937 የወጣ አዋጅ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ጣለበት። በ1938 ጋብቻው ራሱ ተከለከለ። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ ታገደ። ይህ ሕግ የተሻረው በ1947 ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት አስመራ ወይም አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ የአባት ስም ቦታው ባዶ ቢሆን ምን ይገርማል? ባዶውን የጻፈው ሕጉ ነው። የሚሲዮን ጥምቀት መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ፎቶ፣ ጣሊያን አገር ያለ የወታደር ማኅደር፣ እነዚህ ናቸው የሚቀሩት። ጣሊያን በ2025 የዜግነት ሕጓን አጥብባ ከውጭ የተወለደ ሰው በዘር ዜግነት የሚጠይቀውን በወላጅና በአያት ወስናለች። ቅድመ አያትን የሚቆጥር ቤተሰብ አልደረሰም። አባትነቱ እንዳይጻፍ በሕግ የተከለከለበትን ሰው፣ ዛሬ ደግሞ የተጻፈ ማስረጃ አምጣ ማለት ከባድ ፍርድ ነው። ይህ በግልጽ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ግን ቅጹ ቀስ እያለ ተለውጧል። በ2000 አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር ምልክት ማድረግ ተፈቀደለት። በ2020 ጥቁር የሚለውን የመረጠ ሰው መነሻውን በእጁ እንዲጽፍ ቦታ ተሰጠው። በምሳሌነት ከታተሙት ቃላት አንዱ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ነበር። ያን ዓመት 33.8 ሚሊዮን ሰዎች ከአንድ በላይ ዘር አለን አሉ። በ2010 የነበረው 9 ሚሊዮን ነበር። የለውጡ ከፊሉ የሰው ነው፣ ከፊሉ የቅጹና የአቆጣጠሩ። እንደ ድሮው ሁሉ።

የቆጠራ ወረቀት ከነስሙ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1950ው ኤፕሪል 2022 ተከፈተ። ቀጣዩ የ1960 ነው፣ በ2032። ቅጹ በፖስታ እየተላከ ቤተሰብ ራሱ እንዲሞላው የተሞከረበት የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ያኔ ቺካጎ አጠገብ ዶልተን በምትባል ከተማ ሚልድረድ ማርቲኔዝ ፕረቮስት ከባላቸውና ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ትንሹ ሮበርት የ4 ዓመት ልጅ ነው። ያ ገጽ በ2032 ሲከፈት፣ ስማቸው አጠገብ በቀለሙ ዓምድ የተጻፈው ይታያል።